አቃቂ ያሉት ራፖር ጸሐፊ፦ በወንዝ ብክለት አቤቱታ ለምታጽፉ

ዋጋውን ከላይ ልጻፈው፤ የሰው አስተያየት ሳነብ ዋጋ ፍለጋ እስከ ታች መውረድ ያናድደኛል። ሦስት ገጽ አቤቱታ ከነትየባው 450 ብር። ፎቶ ኮፒ በገጽ 5 ብር። እኔ በአራት ቅጂ፣ ከነአባሪው፣ 610 ብር ከፍዬ ወጥቻለሁ። ደረሰኝ የለም። ሻይ አለ።

ቦታው አቃቂ ነው። ከቃሊቲ መናኸሪያ በታክሲ መጥታችሁ ድልድዩን ሳትሻገሩ ትወርዳላችሁ፤ ከልብስ ሰፊዎቹ ተርታ አንዲት ሰማያዊ ቆርቆሮ ቤት አለች። በሯ ላይ በእጅ የተጻፈ «ማመልከቻ፣ ውል፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል። ሌላ ስም የላትም። ባለቤቱ ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሰፈሩም የሚጠራቸው እንደዚያው ነው። ድሮ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ይህቺን ከፈቱ። ጠበቃ አይደሉም፤ ጠበቃ ነኝም አይሉም። ችሎት የሚቆምላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ገና ከበሩ ይመልሷችኋል።

እኔ ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት። ሦስት ጥገት ላሞች አሉኝ፤ ከአባቴ በቀረችኝ ማሳ ደግሞ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር አወጣለሁ። አቃቂን ለማያውቅ፦ ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚባሉት ወንዞች አዲስ አበባን ሰንጥቀው ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ላይኛው ከተማ ያጠበው፣ የደፋው፣ ያራገፈው ሁሉ በእኛ ደጅ ነው የሚያልፈው። ላሞቼን ከወንዙ ማጠጣት ካቆምኩ ቆይቷል፤ የቧንቧ ውሃ በጀሪካን እሸከማለሁ። ማሳውን ግን በጀሪካን አይዘለቅም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ፓምፔን አውጥቼ ማጠጣት ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን የቆስጣው ጠርዝ እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆነ። በዚያው ሳምንት ጊደሬ ገመዷን በጥሳ ወንዝ ወርዳ ጠጣች። አራት ቀን ሆዷን ነፍቷት ከረመች፤ በአምስተኛው ሞተች። ከማሳዬ ሽቅብ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ አንድ ፋብሪካ አለ፤ ስሙን አልጠራም። ከአጥሩ ግንብ ሥር በወጣ ቱቦ ሌሊት ሌሊት የሚለቀውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነበር ያጻፍኩት፤ 700 ብር። ወረቀቱ «በእንባ ተውጬ»፣ «በፈጣሪ ስም»፣ «ጨካኙ ፋብሪካ በግፍ» እያለ ይወርዳል። ሳነበው እኔ ራሴ አለቀስኩ። ያስገባሁበት ቢሮ ያለው ልጅ አገላብጦ አየና «እሺ፣ ምን እንድናደርግልሽ ነው?» አለኝ። ለዚያ መልስ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ጋሼ ያንኑ ወረቀት ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው አነበቡት። ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። «ጨካኙ» የሚለውን ሰረዙ። «በግፍ»ን ሰረዙ። «ጨካኝ የሚል አንቀጽ የለም ልጄ» አሉኝ። «በእንባ ተውጬ» ላይ ትንሽ አሰቡና እሱንም ሰረዙት። 700 ብሬ መስመር በመስመር ስትሰረዝ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጊደሬ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«የሞተችው በውሃው ነው ያለ የእንስሳት ሐኪም አለ?»

«የለም ጋሼ። ግን እኮ ጠጥታ ነው...»

«ጠጣች፣ ታመመች፣ ሞተች። ሦስቱንም ከነቀናቸው እንጽፋለን። በመሃል ያለውን ‹ስለዚህ› መርማሪው ይጻፈው።»

እውነት ለመናገር ተናድጄ ነበር። ጊደሬን በወንፊት ያጠለሏት መሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን ከከፈልኩት 450 ብር ውስጥ 300ው ለዚህች ንግግር ነው።

ቀጥለው ቱቦው የሚከፈትበትን ሰዓት ጠየቁኝ። «ሌሊት» አልኳቸው። «ሌሊት ስንት ሰዓት?» አላውቅም። «ምን ሲሰማ?» አሉኝ። ይህን አውቃለሁ፦ አዛንና የኪዳን ደወል ተከታትለው ከመሰማታቸው በፊት ነው። «በየቀኑ?» አላውቅም። «ቀለሙ?» አንዳንዴ ቀይ፣ አንዳንዴ ሰማያዊ። «መቼ ቀይ፣ መቼ ሰማያዊ?» ዝም አልኩ። መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ባለ 64 ገጽ የተማሪ ደብተር አወጡ፣ በማስመሪያ አምስት ዓምድ አሰመሩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቀለም፣ ሽታ፣ አብሮ ያየ ሰው። «አሥራ አራት ቀን ጽፈሽ ነይ። ዛሬ አልጽፍልሽም» ብለው አሰናበቱኝ። የደብተሩን 40 ብር ግን ተቀበሉ። (ከላይ ያለው 610 ውስጥ አላስገባሁትም።)

እንግዲህ ከመስከረም 25 ጀምሮ አሥራ አራት ሌሊት ነጠላዬን ደርቤ፣ የልጄን ስልክ ባትሪ እያበራሁ ወንዝ ስወርድ ከረምኩ። ምን አየሁ መሰላችሁ? በየቀኑ አይለቁም። ከአሥራ አራቱ ሌሊት ስድስቱን ብቻ ነው። ከስድስቱ አራቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ቀለሙ አንድ ቀን ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል፤ ሌላ ቀን የተማሪ ቀለም የተደፋበት፤ አረፋው ደግሞ አዲስ የታለበ ወተት ላይ እንደሚቆመው ነጭና ወፍራም። ሽታው የበሰበሰ ቆዳ። እድሜዬን ሙሉ «ሁልጊዜ ይለቃሉ» ስል የኖርኩት ሴትዮ «ሁልጊዜ» ማለት ስድስት ቀን መሆኑን በዚያ ደብተር አወቅኩ። «ሁልጊዜ ብለሽ አቅርበሽ አንድ ንጹሕ ቀን ቢያሳዩሽ አለቀልሽ» አሉኝ ጋሼ በኋላ።

አንድ ነገር ግን ደብተሩን ሲያገላብጡ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ። «በዚህ ውሃ ያጠጣሽውን ለገበያ ታወጪዋለሽ?» አወጣለሁ። ለቤቴ የምቀነጥሰው የጉድጓድ ውሃ ከሚጠጣው ጥግ ነው። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ስናገረውም ደስ አላለኝም። ጋሼ አልተቆጡም፣ አልመከሩም፤ ብቻ «ይጠይቁሻል፤ መልስሽን ይዘሽ ግቢ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሳው ግማሹ ጦም አድሯል።

አቤቱታው ራሱ ምን ይመስላል? ተመሳሳይ ጉዳይ ያለባችሁ ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ ዘርዘር አደርገዋለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንድ መስመር ብቻ ነው የወሰደው፣ አንቀጽ 44፦ «ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው።» ዋናው ጡንቻ ያለው አዋጅ ቁጥር 300/1995 ላይ ነው፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁ። እዚያ ውስጥ አንቀጽ 11ን ጋሼ በእርሳስ አስምረው አስነበቡኝ፤ ማንም ሰው፣ ጉዳዩ በግል የሚነካው መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለሚመለከተው የክልል መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ማንም ሰው! መሬት ባይኖረኝ፣ ላም ባይኖረኝ፣ በታክሲ ሳልፍ አይቼው ብቻ ቢሆን እንኳን። እኔ የይዞታ ማረጋገጫዬን፣ የአባቴን የውርስ ወረቀት፣ ምኑን ምኑን ተሸክሜ ነበር የሄድኩት። «መልሺው፣ ዝናብ ያበሰብስብሻል» አሉኝ።

ያው አዋጅ የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ በተገቢው በማንኛውም ሰዓት ግቢ ገብተው ናሙና እንዲወስዱ ይፈቅዳል። የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። ስለዚህ የአቤቱታው መጨረሻ ላይ፣ ያኛው ልጅ «ምን እንድናደርግልሽ ነው» ላለኝ መልሱ ተቀመጠ፦ በተጠቀሱት ሰዓቶች ናሙና ይወሰድልኝ፣ ከተፈቀደው የፍሳሽ ደረጃ በላይ ከሆነ ይታገድልኝ፣ ይጽዳልኝ። እኔ በሃይላንድ ቀድቼ የወሰድኩትን ቀይ ውሃ ጋሼ ጠረጴዛቸው ላይ እንኳን አላስቀመጡትም። በእኔ እጅ የተቀዳ ውሃ ማስረጃ አይሆንም፤ ቀለምም ምስክር አይደለም፤ ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ጥርት ያለ ውሃ ውስጥም ሊኖር ይችላል አሉ። ሃይላንዱን ይዤ ተመለስኩ። እስካሁን ጓዳ ነው ያለው፤ ታች ጭቃ ሠርቷል።

ወንጀሉ ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 519 ነው፣ «አካባቢን መበከል»። ሕጉን ተላልፎ በካይ ነገር ወደ አካባቢ የለቀቀ ከአሥር ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ወይም ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በሰው ጤና ወይም ሕይወት፣ ወይም በአካባቢው ላይ ከባድ ጉዳት ካስከተለ እስራቱ እስከ አሥር ዓመት ይደርሳል። ቀጥሎ 520 አደገኛ ቆሻሻን በአግባቡ ስላልያዘ፣ 521 ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሳያስፈቅድ ፕሮጀክት ስለጀመረ ወይም በግምገማው ላይ ስለዋሸ ነው። ድርጅት እንደ ድርጅት በወንጀል ሊጠየቅ እንደሚችል አንቀጽ 34 ላይ አለ፤ ድርጅቱ ስለተቀጣ ኃላፊው ያመልጣል ማለትም አይደለም።

አሥር ሺህ ብር ሲሉኝ ሳቅኩ። በ1996 ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የሞተችውን ጊደሬን ግማሽ አይገዛም። ጋሼ ግን አልሳቁም። «ብሩን ተዪውና ‹ወይም› የምትለዋን እያት» አሉ። ጽኑ እስራት የምትለው ከ«ወይም» ወዲያ ነው ያለችው። ፋብሪካ ብሩን በጀት ሊይዝለት ይችላል፤ ሥራ አስኪያጅ ግን በእርሱ ፈንታ የሚታሰር በጀት አይዝም። ለዚህ ነው ግልባጩን ለዐቃቤ ሕግ ያደረጉት።

አሁን ስሕተታቸውን ልናገር፤ አለ። መጀመሪያ ያተሙት አቤቱታ ለተሳሳተ ቢሮ የተጻፈ ነበር። ጥቅምት 11 ይዤ ሄድኩ፤ ተሰልፌ ሁለት ሰዓት ቆሜ «ይህ እኛን አይመለከትም» ተባልኩ። የእኛ ሰፈር እንደምታውቁት ጠርዝ ነው፤ ወንዙ የሚመጣው ከአዲስ አበባ፣ የሚሄደው ወደ ኦሮሚያ፤ ማን ለማን እንደሚጽፍ ግራ ያጋባል። ታክሲና አንድ ቀን ከሰርኩ። ጋሼ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው በነጻ አስተካከሉት፤ ጥቅምት 12 ገባ። ይቅርታ የሚጠይቅ ባለሱቅ አቃቂ ውስጥ ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ግን እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት የፋብሪካው ግቢ በየትኛው ወገን እንዳለ አጣርታችሁ ንገሯቸው፤ እርሳቸው አይጠይቁም።

ሁለተኛው ስሕተት የትየባ ነው። ፓወር ግዕዝ ላይ የምትጽፈው የእህታቸው ልጅ ገና እየለመደች ነው፤ ቀኑን ሙሉ «የተከበሩ»፣ «የተከበረው ፍርድ ቤት» ስትጽፍ ስለምትውል «የተበከለ ውሃ» የሚለውን «የተከበረ ውሃ» ብላ ሦስት ቦታ አስገብታዋለች። ደግነቱ ቆሜ አነበብኩት። «እትዬ ይቅርታ» አለች፤ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እናንተም ሳታነቡ አትፈርሙ።

መብራት ከጠፋ ደግሞ ጉዳችሁ። ፕሪንተሩ ይቆማል፣ ጋሼ ይጀምራሉ። ያን ቀን ለሁለት ሰዓት ጠፍቶ ነበር። አብሮኝ የሄደው የጎረቤቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው፣ «ለምን ሄግ አንወስደውም?» ብሎ ነካካቸው። ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም።

ሄግ ያለው የዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት የቆመበት የሮም ስምምነት፣ አሉ ጋሼ፣ በተፈጥሮ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት በስም የሚያወራው አንቀጽ 8 ላይ ነው፣ ያውም በጦር ወንጀል ሥር፤ ጥቃቱ በተፈጥሮ አካባቢ ላይ ሰፊ፣ የረጅም ጊዜና ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ እየታወቀ ሲፈጸም። በሰላም አገር ሌሊት ቱቦ የሚከፍት እዚያ ውስጥ የለም። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2024 ቫኑዋቱ፣ ፊጂና ሳሞአ ኢኮሳይድ የሚባለው፣ ማለትም ተፈጥሮን በጅምላ ማጥፋት፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ እንዲገባ ሐሳብ አቅርበዋል፤ ባሕር ደጃቸው ድረስ የመጣባቸው የደሴት አገሮች ናቸው። እስከዚያው ግን የአቃቂ ጉዳይ አቃቂ ነው።

ልጁ አልረካም። ጋሼ ሻይ አስመጡና ወደ ናይጄሪያ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1988 ኮኮ በምትባል የወደብ ከተማ አንድ ሰው ግቢውን በወር 100 ዶላር አከራየ፤ ተከራዮቹ ከጣሊያን የመጣ መርዛማ ቆሻሻ በበርሜል በበርሜል ቆለሉበት። (እዚህ ጋ ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው «100 ዶላር!» አሉ፤ ምን ለማለት እንደፈለጉ ገብቶኛል፣ ግማሽ ሰፈራችን ለመጋዘን አከራይቶ የለም?) ናይጄሪያ በዚያው ዓመት አደገኛ ቆሻሻ ላስገባና ለጣለ ዕድሜ ልክ እስራት የሚያስፈርድ ሕግ አወጣች። በዓመቱ፣ በ1989፣ የባዝል ስምምነት ተፈረመ፤ አደገኛ ቆሻሻ በሕገ ወጥ መንገድ ከአገር አገር ማዘዋወር ወንጀል ነው ይላል። አፍሪካውያን ይህ አልበቃንም ብለው በ1991 ባማኮ ላይ የራሳቸውን አወጡ፣ ወደ አህጉሩ ጭራሽ አይግባ የሚል። ኢትዮጵያ የሁለቱም አባል ናት።

«ታዲያ ቆመ?» አለ ልጁ።

አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሮቦ ኮዋላ የምትባል መርከብ ያመጣችው ዝቃጭ አቢጃን ከተማ ውስጥ በሌሊት በየቦታው ተደፋ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሐኪም ቤት ተሰለፈ። መርከቧን የተከራየው ትራፊጉራ የተባለው ኩባንያ በ2010 ሆላንድ ፍርድ ቤት 1 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ፤ የተቀጣውም ከአገራቸው ቆሻሻውን ስለማስወጣቱ ነው እንጂ አቢጃን ላይ ስለደረሰው ሰው ጉዳይ አይደለም። ጋሼ ይህን ሲያወሩ እጃቸው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ቀዝቅዞ ነበር። በእርሳቸው አነጋገር የዓለሙ ሕግ ተዟዙሮ መንግሥታትን «በየቤታችሁ ሕግ አውጡና ቅጡ» ነው የሚላቸው። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ 519 ነው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩን ደግሞ ይህ ነው፦ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሰው ልጅ መብት ነው ብሎ ድምፅ ሲሰጥ 161 አገሮች ደገፉ፣ የተቃወመ አልነበረም፣ 8 ድምፀ ተዐቅቦ አደረጉ። ከስምንቱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። እንግዲህ በ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን ላይ ቁልጭ ብሎ የተጻፈውን መብት! ልጁ በስልኩ ፈልጎ አረጋገጠ። ምክንያቱን ጋሼ አልነገሩንም፤ «እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ» ብለው ዝም አሉ። መብራት መጣ።

ለዚህ ሁሉ ትምህርት አላስከፈሉም፤ ግን የቸኮለ ሰው ሊሰላች ይችላል። ከኋላዬ የኪራይ ውል ሊያጽፍ የመጣ ሰው ተነስቶ ሄዷል።

ከወሬው ሁሉ ለጉዳዬ የጠቀመኝ አንድ የአገር ቤት ታሪክ ነው። በ1999 ዓ.ም. አንድ የሰብዓዊ መብት ድርጅት በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ እርሱ መሆን አይገባውም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ስለዚህ የእኔ ወረቀት ላይ በካዩ በግልጽ ተጽፏል፤ «የሚመለከተው አካል» የምትለዋ የተወደደች ሐረግ አንድም ቦታ የለችም።

ስትወጡ ደግሞ ጋሼ የቅጂያችሁ ጀርባ ላይ ቀን ይጽፋሉ። አቤቱታው ከገባበት ቀን ጀምሮ ቢሮው 30 ቀን አለው። በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ወስኖ ካላረካችሁ፣ ከዚያ ወዲህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ካለፈ አለፈ። የእኛ ወር ሠላሳ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ጥቅምት 12 የገባ ኅዳር 12 ይሞላል፣ ስድሳው ደግሞ ጥር 12። «ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ መዝገብ ቤት ክፍት ነው ብለሽ እንዳትጠብቂ፤ ለእኔ ታኅሣሥ 30 ነው የሚያልቀው» ብለው ጥር 12ን ሰርዘው ታኅሣሥ 30 ጻፉበት። በቀይ። የገቢ ቁጥር ሳታስይዙ ከመዝገብ ቤት አትውጡ፤ እርሳቸው ሦስት ጊዜ ይነግሯችኋል፣ እኔ አራተኛ ልሁን። ቁጥር ከሌለው ሠላሳው ቀን ከየት ይቆጠራል?

ኅዳር 12 ደረሰ። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከጨረሰው ወዲህ እንደሚደረገው ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ አቃጥሏል። ጭሱ ሰማዩን ሸፍኖት ነበር። ፕላስቲኩም፣ ጫማውም፣ የመኪና ጎማውም አብሮ ይነዳል። እኔም በበኩሌ የበረቱን ገለባ ለኩሼ፣ ዓይኔን እየጠራረግኩ፣ ብክለት ይቁምልኝ ብዬ የጻፍኩበት ሠላሳ ቀን ሲሞላ ቆጠርኩ። ጎረቤቴ «አንቺንም በ519 ይክሰሱሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ጋሼ ይህን ባይሰሙ ይሻላል።

መልስ በቀኑ አልመጣም። ከሳምንት በኋላ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ጠርሙስ ይዘው መጡ፤ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ጓንት አድርገው ቀዱ፣ አሸጉ፣ ጻፉ። ችግሩ የመጡት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ከቱቦው የሚወርደው ውሃ ፊት ያስታጥባል። ደብተሬን አሳየኋቸው፤ አንደኛው በስልኩ ፎቶ አነሳው፣ «ሌሊት የምንመጣው በደብዳቤ ስንታዘዝ ነው» አለኝ።

ተመልሼ ጋሼ ጋ ሄድኩ። አዋጁ «በማንኛውም ሰዓት» የሚለውን ጠቅሰው፣ የደብተሩን ገጾች አባሪ አድርገው፣ አንድ ገጽ ተጨማሪ ማመልከቻ ጻፉ፤ 150 ብር። «የተበከለ» ሁሉም ቦታ «የተበከለ» ነው፤ ልጅቷ ጎብዛለች። ታኅሣሥ 30 ከመድረሱ በፊት መልስ ካልመጣ የፍርድ ቤቱን አቤቱታ እንጀምራለን፤ እዚያ ላይ ግን ጠበቃ ፈልጊ ብለውኛል፣ እየፈለግኩ ነው።

ከአምስት አራት ኮከብ። አንዱን የቀነስኩት ለተሳሳተው ቢሮ ነው። ረቡዕ ከሰዓት ዝግ ናቸው፣ ስልክ አያነሱም። ውል ለማጻፍ ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈጣን ታገኛላችሁ። ወንዝ፣ ጭስ፣ ጉድጓድ፣ የጎረቤት ጋራዥ ዘይት ከሆነ ጉዳያችሁ፣ ደብተር ገዝታችሁ አሥራ አራት ቀን ጽፋችሁ ሂዱ፤ አንድ ምልልስ ታተርፋላችሁ።

የእኔ ደብተር 40ኛ ገጽ ላይ ደርሷል። የትናንቱ ይኸው፦ ከሌሊቱ 9፡40፣ ቀይ ሥር፣ አረፋ አለው፣ ሽታው ከዚያኛው ቀን ይብሳል፣ ልጄ አይታለች።